እርማት፦ «ሜኑ ላይ ከ7 በላይ አማራጭ አይቀመጥም» ስለሚባለው

ወንድሜ፣ የአፕ ዲዛይን ምክሮችህን ወድጃቸዋለሁ። አንዷን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «የሰው አእምሮ ከ7 ነገር በላይ ስለማይዝ ሜኑ ላይ ከ7 በላይ አማራጭ አታስቀምጡ» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስህተት ነው።

ቁጥሩ የመጣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጽሑፍ ነው። እዚያ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰው ሰምቶ ወዲያው በቃሉ መድገም የሚችለው ስንት ነገር እንደሆነ ነው። ሜኑ ግን ዓይን ፊት ተዘርግቶ ይታያል። ማን በቃሉ ይይዘዋል?

አንድ የክፍያ አፕ ስንሠራ እኔም ይህንኑ «ሕግ» ተከትዬ ነበር። ከ11 አገልግሎቶች 6ቱን ፊት ለፊት ትቼ የቀሩትን «ተጨማሪ» የሚል ቁልፍ ውስጥ ከተትኳቸው። የመብራት ክፍያም እዚያው ገባ። ከዚያ ሰዎች ሲጠቀሙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ይገፉታል፤ «ተጨማሪ»ን ግን አይነኩም። አንዲት እናት «መብራት የለውም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። 11ዱንም በሦስት ርዕስ ከፍለን ስናወጣቸው ጥያቄው ቆመ።

የሚለር ሐሳብ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ተጠቃሚው በኤስኤምኤስ የመጣለትን ኮድ አይቶ ወደ አፑ እስኪመለስ በቃሉ መያዝ አለበት። እዚያ ላይ 482915 ብለህ ከምትልክለት 482 915 ብለህ ለሁለት ክፈልለት፤ በቡድን የተከፈለ ቁጥር በቃል ለመያዝ ይቀላል። ኮዱ ራሱ የሚሞላበት መንገድ ካለ ደግሞ ከዚህም ይሻላል።