በደሉ እውነት ቢሆንም መለኪያውን የሚያነሳው ማን ነው?

በጅማ ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ ምርቃናውን ሊሰብር «ጨብሲ» ብሎ አረቄ ቤት መግባቱ የተለመደ ነው። በተለይ የቡና ለቀማው አልቆ ብር እጅ በሚገባበት ሰሞን እነዚህ ቤቶች ይሞላሉ፤ ጨዋታውም ከወንበር ወንበር ብዙ አይለያይም። አንዱ የአባቱን የቡና መሬት ታላቅ ወንድሙ እንዴት እንደወሰደበት ይተርካል፤ ሌላው ከሥራ ያስወጣውን አለቃ ይረግማል። ማሳረጊያው ግን አንድ ነው፦ «ታዲያ ይህን ሁሉ ችዬ ሳልጠጣ እንዴት ልኑር?» ይልና ባዶውን መለኪያ ወደ አስተናጋጇ ይገፋል።

ቅሬታው ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። የልጅነት በደልና ሐዘን ሰውን ለመጠጥ እንደሚያጋልጡ የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የአልኮል ጥገኝነትን ከበሽታዎች መካከል መድቦታል። የሚያሳስበኝ፣ ሰውየው መጠጥ ካቆመ በኋላም በደሉን እንደ መታወቂያ ይዞ መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወንድሙ ለበዓል ሳይጠራው ቢቀር ወይም ሚስቱ ድምጿን ከፍ ብታደርግ፣ ወደ መጠጡ የሚመለስበት ሰበብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። የመሬቱ ክርክር ዓመታት ሊፈጅ፣ ወንድምየውም ጨርሶ ላይክስ ይችላል፤ መጠጥ ማቆሙ ግን ያንን ፍርድ መጠበቅ የለበትም።

ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ፣ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ የመሠረቱት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፣ መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት ማኅበር፣ ከ12ቱ ደረጃዎቹ በአራተኛው ራስን ያለ ፍርሃት መመርመርን፣ በስምንተኛው የበደሉትን ሰው መዘርዘርን፣ በዘጠነኛው ደግሞ ሌላ ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ መካስን ይጠይቃል። አባላቱ በአራተኛው ደረጃ ቂም የያዙባቸውን ሰዎች ስም መጻፋቸው ባይቀርም፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የራሳቸውንም ድርሻ እንዲፈልጉ ይጠየቃሉ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ባዕድ ሊሆን አይገባም፤ ሽማግሌም ከሳሽን ሰምቶ ሲያበቃ «አንተስ ምን አድርገሃል?» ማለቱ አይቀርም። ጠጪው ግን ዕድሜ ልኩን በከሳሽ ወንበር ብቻ ይቀመጣል፤ የትምህርት ቤት ክፍያው በአረቄ ያለቀበት ልጁና እኩለ ሌሊት በር ስትከፍት የኖረችው ሚስቱ የመናገር ተራ አይደርሳቸውም።

እርግጥ «ተበዳይነትህን ተው» የሚለው ምክር በዳይ እጅ ሲገባ አፍ ማዘጊያ ይሆናል። ባሏ ሰክሮ ለሚደበድባት ሴት ይህን የሚመክር ሰው ነገሩን ገልብጦታል። በልጅነቱ የተደበደበ ጠጪም ቢሆን ለዚያ ዱላ ተጠያቂ አይደለም፤ የሚጠየቀው ዛሬ ማታ ስለሚያደርገው ነው።

ኃላፊነት መውሰድ ማለት ደግሞ በወኔ ብቻ በር ዘግቶ መጋደል አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወቱ የሚያሰጋ መንፈራገጥና መቃዠት ሊገጥመው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ማየት ይኖርበታል፤ ለዚህም በከተማችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ቤተሰብም «ምስኪን፣ ወንድሙ ነው ለዚህ ያበቃው» እያለ ከሚያስታምመው ይልቅ፣ ያደረሰውን ጉዳት በግልጽ ቢነግረውና በቀጠሮው ቀን አብሮት ቢሄድ ይሻላል።