ማኅበራችን ለቅሶ ይደርሳል፤ ውዝፍ ግን አያስከፍልም

ዛሬ ስድስት ተኩል ላይ የትምህርት ቤታችን የመምህራን ማኅበር ኮሚቴ ስብሰባ ነበረው። አምስት ነን። የመጣነው ሁለት ነን። ስብሰባው እንዲጸና ሦስት ሰው ያስፈልጋል። የጠዋት ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት፤ ሁለቱን ፈረቃ የሚያገናኝ ሌላ ሰዓት የለንም። ሦስተኛ ሰው ስንጠብቅ ደወል ተደወለ። መዝገቡን አወጣሁና "ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል" ብዬ ጻፍኩ። ወደ ኋላ ገለጥ አደረግኩት። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አራተኛዬ ነው።

እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ግን አንጀቴ አሯል።

አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር። የአንዲት መምህርት ውዝፍ ክፍያ። ባለጉዳይዋ በር ላይ ቆመው ነበር። ስንወጣ "ምን ተባለ ልጄ?" አሉኝ። "አልተሰበሰብንም" አልኳቸው። አልተቆጡም። "እሺ፣ ሳምንት እመለሳለሁ" ብለው ጠመኔያቸውን ይዘው ክፍል ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስማቸውን አልጽፍም። ሒሳብ ያስተምራሉ። እዚህ ትምህርት ቤት ስቀጠር ሮስተር አሠራር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በሐምሌ 2016 ከከፍተኛ መምህርነት ወደ ተባባሪ መሪ መምህርነት አደጉ። የሥራ አፈጻጸም ውጤታቸው ተሞልቶ ታይቷል። የእድገት ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት እጃቸው ገብቷል። ደመወዛቸው ግን ዛሬም ያው ነው። ከሐምሌ 2016 እስከ ጥቅምት 2018 ቁጠሩት። አሥራ ስድስት ወር።

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። "ለፋይናንስ ልከናል" ተባሉ። ፋይናንስ ሄዱ። "አልደረሰንም" ተባሉ። ተመለሱ። ደብዳቤው ወጪ የሆነበት ቁጥር ይፈለግ ተባለ። ቁጥሩ እስኪገኝ ሰኔ ደረሰ። ሰኔ 30 በጀት ተዘጋ። ሐምሌ ላይ ሲሄዱ ነገሩ ስሙን ቀይሮ ጠበቃቸው። "ይሄ አሁን ውዝፍ ሆኗል፤ ውዝፍ ደግሞ ለብቻው በጀት ይጠየቅበታል" አሏቸው። ያዘገየው ማን ሆነና ነው ውዝፍ የሆነው? እነሱ ጠረጴዛ ላይ የተኛው ወረቀት ዓመት ሲሞላው ጥፋቱ የመምህርቷ ሆነ።

ከዚያ መስከረም 2018 መጣ። አዲሱ የደመወዝ ስኬል። የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ ተብሎ ስታፍ ውስጥ ሁሉም ሲያሰላ ዋለ። እሳቸውም አሰሉ። ወደ አዲሱ ስኬል የተሻገሩት ግን ከአሮጌው እርከናቸው ነው። ስለዚህ ጭማሪውም ጎደለባቸው። ሌላም አለ። ጡረታቸው ሩቅ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። አሥራ ስድስት ወር ከሦስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሒሳብ መምህርትን ማስረዳት አያስፈልግም። በሕይወታቸው ሙሉ የሚከተላቸው ጉድለት ነው።

እኛስ ምን አደረግን? አንድ ደብዳቤ ጻፍን። ማኅተም አድርገን ወደ ወረዳው ማኅበር ላክን። መልሱ በስልክ መጣ። "ጉዳዩን ይዘነዋል።" ማን ያዘው? የት አደረሰው? መቼ ይመለሳል? ሦስቱንም ጠየቅኩ። አንዱም መልስ የለውም። "ከሰው ሀብት ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ታገሡ" ብቻ።

መዝገቡ እጄ ላይ ስለሆነ በዚያው አሥራ ስድስት ወር ውስጥ የሠራነውን ቆጠርኩ። ሰባት ለቅሶ ደርሰናል። ለሦስት ጡረተኞች ሽኝት አድርገናል። አራት አራስ ጠይቀናል። ሁለት ጊዜ የመምህራን ቀን አክብረናል፤ ቲሸርትና ኮፍያ አከፋፍለናል። ለዚህ ሁሉ መዋጮ ስንዞር ኮሚቴው አምስቱም ተሟልቶ ነበር። ማንም አልቀረም። አቤቱታ የሚለው አጀንዳ ሲመጣ ነው ምልዓተ ጉባኤ የሚጠፋው።

እድር ሆነናል ማለት አምሮኝ ነበር። ግን ለእድር ይከብደዋል። የሰፈሬን እድር አውቀዋለሁ። ያልመጣ ይቀጣል። ቅጣቱ ይጻፋል። አባል ሲሞትበት ምን ያህል ብር፣ ስንት ወንበር፣ ስንት ድንኳን እንደሚገባው ከመጀመሪያው ያውቃል፤ "ይዘነዋል" የሚለው የለም። በዓመቱ ሒሳብ ይነበባል። አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ይቺ ሁለት መቶ ብር የት ገባች?" ካሉ የገንዘብ ያዡ ላብ ይወርዳል። የኛን ማኅበር እንዲህ ብሎ የጠየቀው ማን ነው? መዋጯችን ከፔሮል ላይ ይቆረጣል። እጃችን ሳይገባ ስለሚሄድ የከፈልነው አይመስለንም። ያልከፈልን ስለሚመስለን አንጠይቅም። አብዛኛው ወደ ላይ ይሄዳል። እኛ ጋ ያለው አንድ ማኅተም፣ አንድ መዝገብ፣ ቁልፉ የማይሠራ ቁም ሳጥን ነው። ወረዳ ስሄድ የታክሲው ከኪሴ ነው። ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ኮፒ ያደረግኩበትን የከፈሉልኝ ራሳቸው ባለጉዳይዋ ናቸው። አፍሬ መሬት ትዋጠኝ ነው ያልኩት።

አሁን ስታፍ ውስጥ ሁልጊዜ የምሰማውን ነገር ላንሳ። "ማኅበር ብሎ ነገር! ምን ጥርስ አለውና!" እውነት ነው፣ ጥርሱ ትንሽ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይዋዋላል። በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጓደኛችንም በዚያው አዋጅ ሥር ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆንን አዋጁ አይመለከተንም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጠቅሳል፤ የትኞቹ የመብቱ ተጠቃሚ እንደሚሆኑ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ነው የተወው። ስለዚህ ስለ ደመወዝ ከአሠሪ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ መደራደር የለንም።

ታዲያ ይሄ እኮ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ! መደራደር የማይችል ማኅበር የቀረው መሣሪያ ወረቀት ነው። ክትትል ነው። የማን ጉዳይ የት ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ ማወቅ ነው። የደረጃ እድገት፣ ዝውውር፣ ዲሲፕሊን፣ ውዝፍ፣ ሁሉም ወረቀት ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ሰልፍ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ሄዶ "ይሄ ቁጥር የት ደረሰ?" የሚል ሰው ነው። እሱን እንኳ ካላደረግን ጥርስ የለንም ብሎ ማማረር ምን ይጠቅማል?

ዝውውር ላይ የሆነውንም ልንገራችሁ። አንዱ ጓደኛችን ሚስቱ ሌላ ወረዳ ናት። ሁለት ዓመት አመለከተ፣ ሁለት ዓመት ቀረ። ነጥቡ ሲሠራ የአገልግሎት ዘመኑ ተሳስቶ ተመዝግቦ ኖሯል። እዚያ የዝውውር ኮሚቴ ውስጥ የመምህራን ተወካይ ተቀምጧል፤ ወረቀቱ ላይም ፈርሟል። ጠየቅኩት። "አምጥተው ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ" አለኝ። ያ ፊርማ የእኛ ነው። ሁለት ዓመት ከልጆቹ የተለየ ሰው አለ፣ ሳይነበብ በተፈረመ ወረቀት።

ወደ አባላት ልምጣ። ጓደኞቼ፣ እናንተንም እወቅሳለሁ። ኮሚቴ ሲመረጥ እንዴት እንደመረጥን አስታውሱ። ዳይሬክተሩ "ቶሎ ጨርሱ" አለ። አንዱ ተነስቶ "እገሌ ይሁን" አለ። ጭብጨባ። እገሌ በዚያን ቀን ስብሰባው ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ከማይመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ በሌሉበት የተመረጡ ናቸው። ሳይጠየቁ የተሰጣቸውን ሥራ አልሠሩም ብዬ በሙሉ አፌ ልወቅሳቸው አልችልም። አንዱ ከሰዓት የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ማታ ደግሞ ቤት ለቤት ያስጠናል። የቤት ኪራይ የሚከፍለው በዚያ ነው። እኔም በሳምንት 26 ክፍለ ጊዜ አለኝ። ለኮሚቴ ሥራ የሚቀነስልን አንድ ክፍለ ጊዜ የለም። ወረዳ ስሄድ ክፍሌ ባዶ ይሆናል። ሃምሳ ምናምን ልጅ ይንጫጫል፤ ሱፐርቫይዘሩ ይጽፍብኛል። ይሄን የሚያውቅ አባል ስንት ነው?

ግን ችግር ሲመጣባችሁ ትመጣላችሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይደወልልኛል። "ደሞዜ ተቆረጠ፣ ማኅበሩ ምን ይሠራል?" እመጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እሄዳለሁ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ሰው ወንበሩ ላይ የለም። ስለ ምስጋና አይደለም የማወራው። የእሱን ጉዳይ በየት በኩል እንዳስጨረስነው ለሌላው ቢነግር የሌላውም ያልቅ ነበር። ሁሉም ለየብቻው ደጅ ይጠናል። አንድ ቢሮ በር ላይ ሦስት መምህራን ለአንድ ዓይነት ጉዳይ በሦስት የተለያየ ቀን ሲመላለሱ አይቻለሁ። አይተዋወቁም። ሦስቱም የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው።

መስከረም 25 የምናከብረው የመምህራን ቀን ከምን እንደመጣ ባለፈው ለአንድ ወጣት መምህር ነግሬው ተገረመ። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በመስከረም 1959 ስለ መምህራን ይዞታ ያወጡት ሰነድ አለ፤ ቀኑ የዚያ መታሰቢያ ነው። ሰነዱ የመምህራን ማኅበራት የትምህርት ፖሊሲ ሲወሰን መሳተፍ አለባቸው ይላል። ፖሊሲ! እኛ የአንዲት መምህርት ደብዳቤ ወጪ ቁጥር ማፈላለግ አቅቶናል። ደግሞ ይህች አገር ይህን ማድረግ የሚችሉ መምህራን ያልነበሯት አይደለችም። በየካቲት 1966 ሥራ ያቆሙት መምህራን ደመወዛቸውን ብቻ አይደለም ያነሱት፤ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት እቅድ ተቃወሙ። የንጉሡ መንግሥትም እቅዱን አቆመው። የቴሌግራም ግሩፕ አልነበራቸውም። በየትምህርት ቤቱ ግን የሚሰበሰብ ሰው ነበራቸው።

ዛሬ ከሰዓት ከስብሰባው ይልቅ አንድ ሥራ ሠራሁ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። የእያንዳንዱን ባለጉዳይ ጉዳይ ለብቻ ገጽ አወጣሁለት። ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ደብዳቤው መቼ ወጣ፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ የትኛው ቢሮ ተረከበው፣ ማን ፈረመለት፣ መቼ ተመለሱ ተባለ። አሁን አሥራ አንድ ገጽ ሞልቷል። ስድስቱ የደረጃ እድገት ውዝፍ ናቸው። ስድስት! እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። የቀሩት አምስቱ ለየብቻቸው ሲመላለሱ ነው የከረሙት። የአንዱ ደብዳቤ እንዲያውም ከሒሳብ መምህርቷ ጋር በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ቁጥር ነው የወጣው። አብረን ብንሄድ ኖሮ ያኔውኑ ሁለቱም ይገኙ ነበር።

ሐሙስ የጠዋት ፈረቃ እንደወጣን ወደ ወረዳ እሄዳለሁ። ደብተሩን እይዛለሁ። መምህርቷም አብረውኝ ይሄዳሉ፤ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። አምስቱ ባለጉዳዮችም እንዲመጡ ዛሬ ማታ አንድ በአንድ እደውላለሁ። ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የሌላችሁ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከእኛ ጋር ብትመጡ ደስ ይለኛል። ምንም መናገር አይጠበቅባችሁም። ቁጥሩን ሲነግሩን አንዳችሁ ጻፉ፣ አንዳችሁ የተናገረውን ሰው ስም ያዙ። ሰባት ሰዓት ላይ በር ላይ እንገናኝ።