የጨጓራ ሊምፎማ ሕክምና ኪኒኑ ሲያልቅ አያበቃም

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው የ14 ቀን አንቲባዮቲክ ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሸኝ ቢደናገጥ አይፈረድበትም። ማልት በሚባለው የጨጓራ ሊምፎማ ግን የመጀመሪያው ሕክምና ይኸው ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ለዓመታት ጨጓራ ውስጥ ሲኖር፣ ሊዋጉት የሚሰባሰቡት ነጭ የደም ሕዋሳት እየተባዙ ይሄዳሉ፤ ዕጢው የሚወጣው ከነሱ ነው። ገና በጅምሩ ዕጢው ለማደግ የባክቴሪያውን ቅስቀሳ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ባክቴሪያው ከጠፋላቸው 6 ሕሙማን በ5ቱ ላይ ሊምፎማውም መጥፋቱን አሳየ። ዛሬ በሽታው ከጨጓራ ካልወጣባቸው ሕሙማን ከ4ቱ 3ቱ ገደማ በዚሁ መንገድ ይድናሉ።

ነገሩ የሚበላሸው ከኪኒኑ በኋላ ነው። ባክቴሪያው መጥፋቱን ሳያረጋግጡ ሕመምተኛን ማሰናበት፣ በእኔ እምነት፣ ሕክምናውን መሐል ላይ እንደ መተው ነው። የትንፋሽ ወይም የሰገራ አንቲጂን ምርመራው አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በኋላ ይደረግ። ኦሜፕራዞልና መሰል የጨጓራ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች ከምርመራው 2 ሳምንት ቀድመው ይቁሙ፤ የባክቴሪያውን ቁጥር ስለሚያሳንሱ፣ እያለ የለም የሚል ውጤት ይመጣል። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ለወራት ደም ውስጥ ይቆያሉ። ባክቴሪያው ካልጠፋ ያንኑ መድኃኒት መድገም ትርፉ ድካም ነው። በመጀመሪያው ዙር የተሰጠው ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ሕክምና ከከሸፈ ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ኦሜፕራዞል አንድ ላይ ይሰጣሉ።

ሌላው ጥፋት ጥድፊያ ነው። ባክቴሪያው በሳምንታት ይሞታል፤ ዕጢው ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በኤንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከጨጓራ ከተወሰደ ናሙና ላይ የሊምፎማ ሕዋሳት ቢታዩ እንኳ፣ ሕመምተኛው ደኅና ከሆነና ቁስሉ ካልሰፋ ቢያንስ 12 ወር መጠበቅ ተገቢ ነው። ይህን ሳያደርጉ ኬሞ መጀመር፣ ይባስ ብሎም ጨጓራ ቆርጦ ማውጣት፣ ሰውን ያለበደሉ መቅጣት ነው።

ትዕግሥቱ ግን ለሁሉም አይሠራም። የ11ኛውና የ18ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ የተለዋወጡበት ዕጢ ለአንቲባዮቲክ እምብዛም አይበገርም፤ ከጨጓራ ካልወጣ ከ24 እስከ 30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ፈጥኖ ወደሚያድገው ትልልቅ ሕዋስ ሊምፎማ የተለወጠ ከሆነ ደግሞ መጠበቅ ራሱ አደጋ ነው። ይህን ለመለየት ከቁስሉም፣ ጤናማ ከሚመስለው የጨጓራ ክፍልም 10 እና ከዚያ በላይ ናሙና መወሰድ አለበት፤ በሁለት ቁራጭ ሥጋ የሚሰጥ ውሳኔ አያስተማምንም።