«መኪናው አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ይግባለት» ማለት ይብቃ!

አንድ የቆየ ቶዮታ ራቭ ፎር የሞተር ዘይት ሊቀየርለት ጋራዥ ሲገባ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ፍርዱ ይሰጣል፦ «ይሄማ አርጅቷል፣ 20ደብልዩ-50 ነው የሚሆነው»። ይጨሳል ወይ? ዘይት ይቀንሳል ወይ? በስንት ኪሎ ሜትር? የሚጠይቅ የለም። ሞዴሉ ታይቶ ብቻ ዘይት ይመረጣል እንዴ?

20ደብልዩ-50 መርዝ ነው አላልኩም። ለአፋር ሙቀትና በጣም ለተበላ ሞተር ቦታ አለው። የአዲስ አበባ የኅዳር ንጋት ግን አፋር አይደለም። ከደብልዩው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፣ በኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት። ሞተር ክፉኛ የሚበላው ጠዋት ሲነሳ፣ ዘይቱ ከኮፓው (ከታች ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ተነስቶ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ ለምን በገዛ እጃችን እናስረዝመዋለን?

ከ2001 እስከ 2005 የተሠራው ባለ 2.0 ሊትር ራቭ ፎር ላይማ ይብሳል። ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚለዋውጥ ሥርዓት) ስላለው ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያስተካክለው የዘይቱ ግፊት ራሱ ነው፤ ዘይቱም የሚያልፈው በደቃቅ ወንፊት ነው። ወፍራምና የቆሸሸ ዘይት እዚያ ሲንቀራፈፍ ቼክ ኢንጅን ይበራል፣ የብልሽት ኮዱ ፒ1349 ይላል፣ ከዚያ ሴንሰር በሴንሰር ላይ ይቀየራል። የባለቤቱ ገንዘብ አለቀ፣ ችግሩ እዚያው ነው። ለዚህ ሞተር 5ደብልዩ-30 ወይም 10ደብልዩ-30 ይበቃዋል፤ ኤፒአይ የሚባለው የጥራት ደረጃው ኤስኤል ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ይሁን፣ ኤስኤም፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ። ብዙ ሄዶ ትንሽ ትንሽ የሚቀንስ ከሆነ 10ደብልዩ-40። ጀሪካኑ ላይ ሲ ብቻ ካለ፣ ሲኤፍ ወይም ሲአይ-4፣ የናፍጣ ነው፤ ኤስ አብሮ ካልተጻፈ ለቤንዚን ሞተር አትቀበሉ።

ደግሞ መጠኑ! ይሄ ሞተር ከፊልትሮው ጋር 4.2 ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። ጀሪካኑ 5 ሊትር ስለሆነ ግን «ይተርፋል፣ ምን ይደረጋል» ተብሎ ሁሉም ይንቆረቆራል። መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት አልፎ ይታያል። ኮሎው (ከታች የሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ትርፉ በትንፋሽ ቱቦው ወደ አየር ማስገቢያው ይሳብና ይቃጠላል፣ መኪናው ይጨሳል። ከዚያ ምን ይባላል? «ዘይት መብላት ጀምሯል፣ የበለጠ ወፍራም ይግባ»! እንዴት አያናድድም? መጀመሪያ 4 ሊትር ይግባ፣ ሞተሩ ተነስቶ ይጥፋ፣ ሜዳ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ ይቁም፣ መለኪያው ተጠርጎ ይታይ፣ የጎደለው በጥቂት በጥቂቱ ይሞላ። የኮፓው ቡሎን ሮንዴላም ይቀየር፤ አሮጌዋ ተመልሳ ስትገባ ነው መንጠባጠብ የሚጀምረው።

ዘይት የሚያጎድል መኪና ምክንያት አለው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካለው የቫልቭ ሲል (ቫልቩ ላይ ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው። ነዳጅ ሲሰጠው፣ ዳገት ላይ የሚጨስ ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ከሁለቱ በፊት ግን ፒሲቪ ቫልቩ (የሞተሩን ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የሚያሳልፈው) ተፈትቶ ይነቅነቅ፤ ቃ ቃ ካላለ ተደፍኗል፣ ለውጡ ደግሞ ቀላል ነው። ስንት ሞተር በዚህች ዕቃ ምክንያት «ይውረድ» ተብሏል!

ዘይቱ ጠቆረ ብላችሁም አትደንግጡ፣ ቆሻሻውን እየያዘ ነው። በአዲስ አበባ ትራፊክና አቧራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፣ ፊልትሮውንም አብራችሁ።

ከተከፈተ በርሜል የሚቀዳ ዘይት አትቀበሉ። ክዳኑ ማኅተሙ ሳይነካ፣ ፊታችሁ ይከፈት። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ በስታችሁት እንጂ ደህናውን ጥላችሁ አትሂዱ፤ ሌላ ዘይት ተሞልቶበት ለሚቀጥለው ሰው እንዳይሸጥ።