«ቀለበቷ ታየኝ»

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ጅማ፣ ሰማይ የሚወዱ ልጆች ቴሌስኮፕ አውጥተው «ኑ፣ ባለቀለበቷን ፕላኔት ሳተርንን እዩ» አሉን። ሄድን። ሰልፉ የስኳር ሰልፍ ያስንቃል። ከፊቴ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ጋሼ ነበሩ። ተራቸው ደርሶ ጎንበስ ሲሉ ቱቦውን በክንዳቸው ደገፍ አደረጉት። ብዙ ቆዩና «ቀለበቷ ታየኝ! የፈጣሪ ሥራ!» ብለው ቀና አሉ። እኔ ተተካሁ። ጨለማ። የምጣድ ቂጥ።

አስተባባሪው ልጅ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ቴሌስኮፑ ሞተር የለውም። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ያነጣጠሩባት ፕላኔት በደቂቃ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ትሾልካለች፤ ቱቦውን በእጅ ቀስ እያሉ መከተል ነው። እንኳን በጋሼ ክንድ ተገፍቶ። ታዲያ ያን ቀለበት የት አገኙት? ጣታቸው ላይ ካልሆነ በቀር!

ይሄ ያላዩትን «አየሁ» ማለት ያንገበግበኛል። ሐኪሙ «ገባህ?» ሲል «ገብቶኛል ዶክተር» እንላለን፤ ከበር ስንወጣ ክኒኑ በቀን ሦስቴ ይሁን በአንዴ ሦስት ፍሬ ፋርማሲ ደጅ የቆመውን ዘበኛ እንጠይቃለን። እስቲ ምን አለበት፣ «አልገባኝም» ማለት ግብር አይከፈልበት!

ከሰልፉ በፊት ገለጻ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በደረሳት ስም የማውጣት ዕድል አንዱ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብለው በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጸድቀዋል። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነች። ቤቱ አጨበጨበ። ወዲያው ግን አንዱ ተነስቶ «ይሄ ቡና ከጮጬ ነው ከቦንጋ?» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሰማይ የተናገረ የለም። የጎማ ወረዳ ልጆች በአንድ ወገን፣ የከፋ ልጆች በሌላ፤ ሁሉም «የቡና መገኛ የእኛ አገር ነው» ባይ። ተናጋሪው ማይኩን ይዞ የቀረው ለጌጥ ብቻ ነበር።

እኔን ግን «አቦል» የሚለው ቃል ሌላ ቁስል ነካብኝ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ በእኔ ዘመን ግን ንጉሡ አከራይ ነው። አከራዬ እሑድ እሑድ ቡናቸውን የሚቆሉት መስኮቴ ሥር ነው። ጭሱ ለእኔ፣ አቦሉ ለእንግዶቻቸው፣ ቶናው ለጎረቤት። በረካው ላይ «ና እንጂ ልጄ፣ ቡና ጠጣ!» ስድስት ዓመት ሙሉ! ቡና አጠገቡ ያለፈ ውኃ። ያ ፕላኔት ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል አሉ፤ የእኔ አቦል ሦስት እርምጃ ላይ ሆኖ እኩል ነው የራቀኝ። ኪራይ ግን በበረካ ሒሳብ ልክፈል ብላቸው መቼም አይቀበሉኝም።

ወዴት ነበርኩ? አዎ፣ ሰልፉ። ጨለማው ላይ እንዳፈጠጥኩ ልጁ «ታየህ ወንድሜ?» አለኝ። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው አለ፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ ጋሼም አልሄዱም፣ ቆመው ፊቴን ያያሉ።

«ቀለበቷ ሳይቀር!» አልኩ።

በማግስቱ አከራዬ ተጣሩ። ስኒውን ስቀበል ከሥሩ ያለው የአበባ ሥዕል ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

«እንዴት ነው ልጄ፣ ወፍሯል?»

«ግሩም ነው እትዬ።»