«ቁጣ ነው» ያላችሁት ጎርፍ

የድሬ ልጆች፣ ጎርፉን ይቅር ልንለው እንችል ይሆናል። ሲነጋ ከአፋችን የወጣችውን «ቁጣ ነው» የምትል ቃል ግን እንዴት ይቅር እንበላት?

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ዶፉ የወረደው በላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ደጋው 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ አለው፤ እኛ ያለነው 1,200 አካባቢ ነው፤ በመሃል ያለው ቁልቁለት አጭር ነው። ዳገቱ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ በከብት ኮቴ ተጠቅጥቆ ነበርና ውሃውን አልጠጣውም። ውሃው ደለልና ድንጋይ እየገፋ መጣ። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ የሆነው የከተማችን ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ሞላ። ዳሩ ላይ የነበሩ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ሄዱ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። ሬሳ ከደለል ስር ሲፈለግ ቀናት አለፉ።

ቁጣ አይከሰስም፣ ለዚህ ነው የተመቸን።

ያንን አንድ ጎርፍ ነጥሎ የአየር ንብረት ለውጥ አመጣው ማለት አይቻልም፤ የተራቆተው ዳገትና የሰፈርንበት ቦታ ይበቁታል። ነገር ግን አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል፤ ሲያወርደው ደግሞ አይምርም።

«ምድርን ያሞቀችው ፀሐይ ናት» የምትሉ፣ ፀሐይ ብትሆን የላይኛውም አየር በሞቀ ነበር። የሚለካው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው፣ ስትራቶስፌር፣ ሲቀዘቅዝ ነው። «እሳተ ገሞራ ነው» የምትሉ፣ እርሱ የሚተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ሰው ከሚለቀው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ከጥንት ዕፅዋትና ሕይወት ካላቸው ነገሮች ስለመጡ ካርቦን 13 የሚባለው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት ያንሳቸዋል፤ የከባቢ አየሩም ካርቦን 13 እየሳሳ ነው። ኦክስጅንም በጥቂቱ እየቀነሰ ነው፣ ምክንያቱም የሚነድ ነገር ኦክስጅን ይበላል። ከሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 420 አልፏል።

አብዛኛው ጭስ የእኛ እንዳልሆነ እናውቃለን። መጥረቢያው ግን የእኛ ነው፤ ደቻቱ ውስጥ የምንደፋው ቆሻሻም ከእኛ ሌላ የማንም አይደለም። ይህን ሁሉ እያወቅን በስብሰባ አውርተን ምሳ በልተን የተበተንን እኛ ደግሞ እንብሳለን።

ደጋ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ እርከን ከላይ ጀምሩ፤ ከታች የተጀመረን የላይኛው ውሃ ያፈርሰዋል። ደረጃውም በውሃ ልክ ይጠበቅ። ትንሽ ካዘነበለ ውሃው በአንድ በኩል ተጠራቅሞ ይበሳዋል፣ ያኔ እርከን ባልሠራችሁ ይሻል ነበር። እዚህ ቆላ ያለን ደግሞ፣ የከተማው ሰማይ ጥርት ብሎም በላይ ያለው ደጋ፣ ደንገጎ፣ ከጠቆረ ልጆቹን ከአሸዋው እንጥራ። ሹፌሮች፣ 60 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ መኪና ያንሳፍፋል፤ «አልፈዋለሁ» አትበሉ።

ብዙ ጊዜ ተባለ፣ ደከመን። ቢሆንም ዘንድሮ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ሰፈር እንኳ የራሱን የደቻቱን ዳር ከቆሻሻ ቢያጸዳ፣ ያቺን ቃል ለመርሳት እንሞክራለን።