ይድረስ ለአቶ ታገሱኝ፣ ከቆርቆሮው በር ሥር

ለተከበሩ አቶ ታገሱኝ፣
ሐዋሳ፣ አላሙራ፣ ከአረንጓዴው የቆርቆሮ በር ሥር።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከግራ ቁርጭምጭሚቴ በቀር ደህና ነኝ። ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። ከልቤ ነው። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

በአካል እንተዋወቃለን። በየጠዋቱ 12፡40 ላይ በሞተር በደጅዎ የማልፈው ሰው ነኝ። ማታም የምመለሰው በዚያው ነው። እርስዎም በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እስከ ኪዮስኩ ይሸኙኛል። አርባ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ሲሸኝ "በቃ፣ እዚህ ጋ ይመለሱ" መባባል አለ። እኔና እርስዎ ግን እዚህ ወግ ላይ አልደረስንም።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልዎታል? ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እያልኩ ስመጣ በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት መጀመሪያ አፍንጫ ወጣ። ከዚያ አንድ ጆሮ። ከዚያ ሙሉ እርስዎ። ወዲያው እትዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከግቢ ብቅ አሉና "ታገሱኝ! ኧረ ታገሱኝ!" እያሉ ጮኹ። ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው "ታገሱኝ" ብሎ እየለመነ እንዴት ጥሎ ይኬዳል? ፍሬን ያዝኩ። "ምን ልታዘዝ፣ እትዬ?" ልል አፌን ስከፍት እርስዎ ሱሪዬን ይዘዋል።

ስምዎ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ድሮም በሀገራችን የውሻ ስም ጉዳዩ ከውሻው ጋር አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር ነው። "ምን ቸገራችሁ" የሚባል ውሻ በጠዋት ሲጠራ አጥር ማዶ ያለው ሰው መልእክቱ ይደርሰዋል። የእትዬ ግን ቅንነት ይመስለኛል። ይቅርታውን አስቀድመው ነው የጠየቁት።

የዚያን ቀን ጥርስዎ ከሱሪው አልፎ ቁርጭምጭሚቴን ጫር አደረገው። ቧንቧ ሥር ቁጭ ብዬ በልብስ ሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። (ብዙ ሰው ወደ ነጭ ሽንኩርት ይሮጣል። ለእብድ ውሻ በሽታ መጀመሪያ የሚደረገው ግን ይኸው ውሃና ሳሙና ነው፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ።) ነርሷ "ውሻው ተከትቧል?" አለችኝ። እትዬ ጋ ደወልኩ። "እሱ? ኧረ እሱ የቤት ልጅ ነው!" አሉ። ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ካርዱ ላይ "የቤት ልጅ" የሚል ሳጥን የለም።

ወረፋ ላይ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት በእሳቸው ጊዜ አዲስ አበባ፣ ፓስተር ድረስ ተሂዶ አሥራ አራት ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ ይወጋ እንደነበር አጫወቱኝ። እየተዝናኑ ነበር የሚያወሩት። እኔ የተወጋሁት ክንዴ ላይ ነው፤ በዕለቱ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን። "ውሻውን ደግሞ አሥር ቀን ተከታተል" ተባልኩ። አሥሩን ቀን ጤነኛ ከሆኑ የቀረው መርፌ ይቀርልኛል። ከታመሙ ግን ሌላ ወሬ ነው።

አቶ ታገሱኝ፣ ለጠላቴ ጤና ስጸልይ የዚያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ሲያባርሩኝ ደስ ይለኛል፤ ካላባረሩኝ ልቤ ይርዳል። ስድስተኛው ቀን ላይ አልወጡም። ሞተሬን አጥፍቼ፣ ሄልሜቴን አውልቄ፣ በበሩ ሥር አጎንብሼ አየሁ። ፀሐይ ላይ ተዘርረዋል። "ታገሱኝ!" አልኩ። ምንም። "ታገሱኝ፣ በፈጠረህ!" (አንተ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ጭንቅ ነው።) አንድ ዓይንዎን ገለጥ አድርገው አዩኝ። ሞተሩን ሳስነሳ ግን እንደ ወትሮው ተነሱ። ያን ጠዋት እየሳቅኩ ነው የሸሸሁት።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ጠብዎ ከማን ጋር ነው? አይሱዙ አቧራ አልብሶዎት ያልፋል፤ ጅራትዎን ሰብስበው መንገድ ይለቃሉ። ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ይዞ የሚመጣው ባለሳይክል ዓሣውን ከኋላ አንጠልጥሎ በአፍንጫዎ ሥር ያልፋል፤ ዝም። ባጃጅማ በደቂቃ ሁለት ያልፋል፤ ቀና ብለው አያዩትም። እኔ የምነዳት ቦክሰር ናት። ቦክሰርንና ባጃጅን የሚሠራው እኮ አንድ የህንድ ኩባንያ ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ባለሦስት እግሩን አክብረው ባለሁለት እግሯን ማሳደድ ምን ይሉታል? ባለአራት እግር መሆን እንዲህ ያስንቃል?

የድሮዋን ዲቲ ቢጠሏት አልፈርድም ነበር። ከጨረታ የወጣች ያማሃ፣ ዘይትና ቤንዚን አብራ የምትጠጣ፣ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ። ድምፅዋ የጥርስ መሰርሰሪያ ነበር። እኔም ጆሮዬን ያመኝ ነበር፤ የእርስዎ ጆሮ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። እሷን ሸጬ ቦክሰር የገዛሁበት ግማሹ ምክንያት እርስዎ ነዎት። ቤት ግን "ለነዳጅ ቁጠባ ነው" ነው ያልኩት። እርስዎ የአሮጌዋን ቂም ለአዲሷ አወረሱ።

የጎሚስታው ልጅ አንድ ዘዴ መክሮኝ ነበር። "ውሻ ሂሳብ ያውቃል" አለኝ። "የሚሮጠው አሁን ያለህበት አይደለም፤ የምትደርስበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ቀንስ፤ ሲጠጋህ ነዳጅ ስጣት። ሂሳቡ ይበላሽበታል።" ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን እርስዎ ኪዮስኩ ጋ ቀድመው ቆመው ጠበቁኝ።

እጅ መንሻም ሞክሬያለሁ። ከሥጋ ቤት ጥሩ አጥንት በፌስታል ይዤ መጣሁ። ተቀበሉኝ። ወስደው ጥግ ላይ በሥርዓት አስቀመጡት። ከዚያ ተመልሰው አባረሩኝ። እኔ ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ። በልቶ ጉዳይ የሚያጓትት አይቻለሁ፤ በልቶ "ማን ነበርክ?" የሚልም አይቻለሁ። በልቶ እስከ ኪዮስኩ የሚያሯሩጥ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

የፋሲካ ዋዜማውን ጉዳይ ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ትሪ እንቁላል፣ ሠላሳ ፍሬ፣ ከኋላ በላስቲክ ገመድ አስሬ ነበር። እርስዎን ሳይ ሁለቱንም እግሮቼን ታንከሩ ላይ ሰቀልኩ። እግር ሲሰቀል የኋላ ፍሬን የሚረግጥ የለም። ኮብልስቶኑ የቀረውን ሠራ። ቤት ስደርስ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ባለቤቴ ሁለቴ ቆጠረች። አስተያየቷ ከእርስዎ ጥርስ ይብሳል።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ከወዳጅነት ይቁጠሩልኝ። ዘመኑ እየተቀየረ ነው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሁሉም ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። የሥራ ባልደረባዬም የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝቷል። ባለፈው ሳምንት አብረን ስንመጣ እሱ ከፊቴ ነበር። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፤ እንደ ጥላ አለፈዎት። እርስዎ ቀና ያሉት እሱ ኪዮስኩን ካለፈ በኋላ ነው። ግራ ገብቶዎት ወደ እኔ ዞሩ። የሁለታችንንም ሩጫ ለእኔ አደረጉት።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ የተነሳሁት ግን በማክሰኞ ማታ ምክንያት ነው። ካቴናዬ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ተበጠሰች። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። ሞተሩን እየገፋሁ ደጅዎ ደረስኩ። አፍንጫ ወጣ። ጆሮ ወጣ። እኔ ቆምኩ፤ እየገፉ መሸሽ የለም። እርስዎ ቀስ ብለው መጡ። የኋላ ጎማውን በደንብ አሸተቱት። እግርዎን አነሱና ሸኑበት። ከዚያ ከጎኔ ሆነው መሄድ ጀመሩ።

ኪዮስኩ ጋ ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተመለሱም። ከቦዩ ዳር አራት ውሾች ተነስተው ሲጮሁብኝ እርስዎ አንድ ጊዜ ብቻ አጉረመረሙ። ውሾቹ ተመልሰው ተኙ። እስከ ቤቴ በር አደረሱኝ። አንኳኩቼ ስዞር ሄደዋል።

በማግስቱ ካቴናው ተቀጠለ። 12፡40 ላይ አለፍኩ። እርስዎም ተነሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለ ቦክሰሩ

ግልባጭ፦
ለእትዬ (ክትባቱን ነገር አደራ)
ለጎሚስታው ልጅ (ሂሳቡን ደግሞ እንዲያየው)
ለእንቁላል ነጋዴዋ (ለመረጃ ያህል)